መምህሩ ከንቲባ፦ በሊዮን ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሊዮን የምንኖር ሁሉ የከተማዋ ከንቲባ የነበሩትን የኤድዋር ኤሪዮን ስም እናውቀዋለን። ከቴሮ አደባባይ እስከ ቤልኩር የሚወስደው መንገድ በስማቸው ይጠራል። ግራንዥ ብላንሽ ያለው ትልቁ ሆስፒታልም እንደዚሁ። ከመካከላችን እዚያ የወለደች፣ እዚያ የታከመ አለ። ዛሬ ስለ ሰውየው አስተዳደግ ላውራችሁ፤ በኋላ የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ።

ኤሪዮ የሊዮን ተወላጅ አይደሉም። በ1872 በፈረንጆች አቆጣጠር ትሯ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጦር መኮንን ነበሩ። ልጁ በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ላ ሮሽ ሱር ዮን ሲማር፣ አንድ የትምህርት ተቆጣጣሪ ለጉብኝት መጣ። የልጁን ጉብዝና አየ። «ጎበዝ» ብሎ ብቻ አልሄደም። ፓሪስ፣ ሳንት ባርብ ኮሌጅ ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲያገኝ አደረገ። ልጁም በ1891 የአገሪቱ ምርጥ ተማሪዎች የሚወዳደሩበትን ኤኮል ኖርማል ሱፔሪዬርን ተቀላቀለ። ለእኔ የታሪኩ ዋና ነገር ይሄ ነው።

በ1896 ሊዮን መጡ፤ አምፔር ሊሴ በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነው። የድሬፉስ ጉዳይ ፈረንሳይን ለሁለት ሲከፍል ዝም አላሉም። በሐሰት ለተፈረደበት አይሁዳዊ መኮንን ቆሙ። ፖለቲካ የገቡት በዚህ በር ነው። በ1904 የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኑ። በዓመቱ ከንቲባው ቪክቶር ኦጋኞር የማዳጋስካር ገዥ ሆነው ሲሄዱ ወንበሩን ያዙ፤ ገና 33 ዓመታቸው ነበር። ከናዚ ጀርመን ጋር የተባበረው የቪሺ መንግሥት ካነሳቸው የጦርነት ዓመታት በቀር፣ በ1957 እስኪሞቱ ድረስ አለቀቁትም። ሆስፒታሉንም የዤርላን ስታዲየምንም በአርክቴክቱ በቶኒ ጋርኒዬ ያሠሩት እሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በታኅሣሥ 1935 የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒዬር ላቫልና የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ሰፊ የአገራችንን የኢትዮጵያን መሬት ለሙሶሊኒ ለመስጠት ሲስማሙ፣ ኤሪዮ የላቫል ሚኒስትር ነበሩ። ነገሩ ትልቅ ቁጣ ቀሰቀሰ። በቀጣዩ ወር ኤሪዮና የፓርቲያቸው ሚኒስትሮች ሥልጣን ለቀቁ፤ የላቫልም መንግሥት ወደቀ። ቀደም ብለው ቢወጡ በወደድኩ። ቢሆንም መውጣታቸውን አከብራለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ከልጆቻችን መካከል ጎበዝ ሆነው ማንም ልብ ያላላቸው አሉ። ቤት ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያስረዳቸው ሰው የለም፤ ወላጅ የማታ ፈረቃ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብና ፈረንሳይኛ ልናስጠና አስበናል። አዳራሽ አለን፤ የጎደለን አስጠኚ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ወጣቶች፣ በተለይ እናንተን ነው የምለው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ስጡን። መዝገቡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ለምሳ ስትወጡ ስማችሁንና የምትችሉትን ትምህርት ጻፉ።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ያቀርቡልናል።