ገመዱን የት ላይ ነው የምናስረው?
ክረምት ከመግባቱ በፊት ለጎንደር አሽከርካሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የታክሲና የቤት መኪና አሽከርካሪዎች፣ ባለንብረቶችና ረዳቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከእጅ መዳፍ እምብዛም ስለማትበልጥ ብረት ነው። አብዛኞቻችን የምንነዳው ያገለገለ መኪና በመሆኑ፣ የመጎተቻ መንጠቆው ትዝ የሚለን ሞተር ጠፍቶ ከኋላችን ጥሩምባ ሲበዛ ነው። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሐምሌ ዝናብ ከዳባት ስመለስ አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍኩ መኪናዬ ቆመብኝ። ሊረዳኝ የቆመው የአይሱዙ ሹፌር ገመድ ሲያቀብለኝ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ የፊት ጎማውን በያዘው ክንድ ላይ አሰርኩት። ክንዱ ተጣሞ መሪው ወደ ግራ መሳብ ጀመረ፤ መንጠቆዬ ግን ለካ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር።

መንጠቆው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ወለል ሥር፣ ከክሪኩና ከጎማ መፍቻው ጋር ነው። አንድ ጫፉ ቀለበት፣ ሌላው ጥርስ ያለው ነው። የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ ፓራውልቱ ላይ ባለች ትንሽ ክዳን ይሸፈናል፤ ክዳኗን አንዱን ጠርዝ በመጫን ወይም ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ካቻቢቴ ቀስ ብሎ በማንሣት መክፈት ይቻላል። መንጠቆውን በመጀመሪያ በእጅ አዙሩት፤ ከዚያ የጎማ መፍቻውን በቀለበቱ አሳልፋችሁ እስከ መጨረሻው አጥብቁት። ግማሽ ድረስ ብቻ የገባ መንጠቆ ሊጣመም ወይም ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል። በብዙ የቮልስዋገን መኪኖች ላይ ጥርሱ ግራ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ ይህን ባለማወቁ በመዶሻ ሊያስገባው የሞከረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። የቆዩ መኪኖች ግን ብዙ ጊዜ ከሥር በቋሚነት የተገጠመ መንጠቆ አላቸው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከሥር የሚታዩት አንዳንድ ቀለበቶች መኪናው በመርከብ ሲጫን የሚታሰርባቸው እንጂ የሚጎተትባቸው አይደሉም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ገመዱ ሲበጠስ ወይም መንጠቆው ሲነቀል የሚሆነው ነው። የተወጠረ ገመድ ጫፉ ላይ ያለውን ብረት ይዞ ተመልሶ ሲወረወር መስተዋት ሰብሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ረዳቱም ሆነ ለማየት የተሰበሰበው ሕዝብ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ፤ ገመዱ መሐል ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ጣል ይደረግበት። ከመኪና ኋላ ተጎታች ለማሰር የተሠራችውን የብረት ኳስ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና ለማውጣት አትጠቀሙባት፤ ተሰብራ እንደ ጥይት ትወነጨፋለች። እየተጠመዘዘ የሚገባው መንጠቆም ቢሆን ለቀጥታ መጎተቻ የተሠራ እንጂ ወደ ጎን ለመጎተት የሚችል አይደለም።

ሞተር ሲጠፋ ፍሬንን የሚያግዘው ኃይል አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ ይደነድናል፣ መሪውም ይከብዳል። ቁልፉ ካልተከፈተ ደግሞ መሪው ይቆለፋል። ስለዚህ ቁልፍ ከፍታችሁ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርታችሁ ተጎተቱ። ጎታቹ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ቀስ ብሎ ይንዳ። በዚህ ሁኔታ ሊማሊሞን በገመድ እየተጎተተ እወርዳለሁ የሚል ሰው ካለ፣ እኔ መጫኛ መኪና እስኪመጣ ሌሊቱን ደባርቅ ቢያድር እመርጣለሁ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ሞተሩ ካልሠራ የካምቢዮው ዘይት ስለማይዘዋወር፣ ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች ከመሬት ካልተነሡ ረጅም መንገድ መጎተቱ ካምቢዮውን ያቃጥላል። ጎማው ሲሽከረከር ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭባቸው የኤሌክትሪክ መኪኖችም በመጫኛ መኪና ላይ ቢሄዱ ይሻላል።

አሁን ወደ ግቢው ወጥተን እያንዳንዳችሁ የኋላውን ወለል ትከፍታላችሁ። መንጠቆውን ያገኘ ሰው ፓራውልቱ ላይ አስገብቶ ያሳየኛል፤ ያላገኘ ደግሞ በቀጣዩ ወር በምንገናኝበት ቀን የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት ጽፎ ይዞልኝ ይምጣ፣ ጥርሱ የሚገጥመውን አብረን እንፈልጋለን።