ቀዩን አትግደሉት

እንደምን አረፈዳችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ።

ጫካ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። እዚህ ጀርመን፣ ሃርዝ ተራራ ላይ ቆሞ ከደረቀው ስፕሩስ ከሚባለው የጥድ ዘመድ ዛፍ አብዛኛው በ2018 ድርቅ ከጀመረ ወዲህ ቦርከንኬፈር የጨረሰው ነው (ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ይህ ቡናማ ጥንዚዛ ርዝመቱ 5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቅርፊት ሰርስሮ ይገባና እዚያው ይራባል። ውሃ የጠማው ዛፍ ደግሞ በሙጫ የሚያባርርበት አቅም የለውም። ስሙን ጀርመን የኖረ ሁሉ ሰምቷል፤ እኔ የመጣሁት እሱን የሚበላውን ቀዩን ጥንዚዛ ላስተዋውቃችሁ ነው።

ታናሲመስ ፎርሚካሪየስ ይባላል፤ ከ7 እስከ 10 ሚሊሜትር ይረዝማል። ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ደረቱ ቀይ ነው። የክንፉ ሽፋን ከትከሻው ቀይ ሆኖ ይጀምርና ይጠቁራል፤ ጥቁሩን ሁለት ነጭ መስመሮች ያቋርጡታል፤ የፊተኛው ቀጭንና ጠመዝማዛ፣ የኋለኛው ሰፊ። አሯሯጡ የጉንዳን ስለሆነ ብዙ ሰው ጉንዳን ብሎ ያልፈዋል። ወገቡን ተመልከቱ፤ እንደ ጉንዳን የቀጠነ አይደለም። አበባ ላይ የተቀመጠ፣ ቀይና ሰማያዊ ጥቁር ጥንዚዛ ካያችሁ ግን ዘመዱ ትሪኮደስ ነው። የእሱ እጭ በንብ ጎጆ ውስጥ ስለሚያድግ ያን ያህል አላመሰግንላችሁም።

አደኑ ይገርማል። ቦርከንኬፈሮች ሽታ እየለቀቁ ይጠራሩና አንድ ዛፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ታናሲመስም ያንኑ ሽታ ተከትሎ ይደርስና ግንዱ ላይ ያረፈውን በፊት እግሮቹ ይዞ ይበላል። እንቁላሉን በቅርፊቱ ስንጥቅ ይጥላል፤ ሮዝ መልክ ያለው እጩም ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ የተባዩን እጮች ይለቅማል። ችግሩ፣ ለተባዩ የሚሰቀለው የሽታ ወጥመድ እሱንም ይይዛል። ወጥመድ የሚሰቅል ሰው ይህን ማሰብ አለበት ባይ ነኝ።

እርግጥ ብቻውን ጫካ አያድንም። አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሆፕኪንስ በ1892 የዛፍ ተባይ እንዲበላለት ከጀርመን ወደ አሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ወስዶት ነበር፤ እዚያ ሳይላመድ ቀረ።

በሉ እንነሳ። ፀሐይ ያረፈባቸውን የተቆለሉ ግንዶች ተመልከቱ፤ ቅርፊት ግን አትላጡ። ካገኛችሁት ፎቶውን ከላይ አንሱ፣ ሁለቱም ነጭ መስመሮች እንዲታዩ።