ነጥቡን ከመጎተታችሁ በፊት ገምቱ

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያውም በዚህ ዝናብ፣ ስለ ስታቲስቲክስ ለመስማት አራት ኪሎ ድረስ መምጣታችሁ ራሱ ምስጋና ይገባዋል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ስታቲስቲክስን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሁለቴ ነው የወሰድኩት። ወድጄ አይደለም፤ መጀመሪያ ኤፍ አገኘሁ። በሁለተኛው ፎርሙላውን እንደ ዳዊት ሸምድጄ አለፍኩ። የቁጥሮችን መበታተን የሚለካውን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አስላ ብትሉኝ አሰላለሁ። ምን ማለት ነው ብትሉኝ ግን ጭጭ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት አሳለፍኩ። ትምህርቱ የገባኝ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ስልኬ ላይ በጣት የሚንቀሳቀስ ግራፍ እየነካካሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሮዬ ከድል ሐውልቱ ብዙም አይርቅም። ማታ ማታ የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ። አንድ ሰሞን እልህ ያዘኝና በየቀኑ ስንት ደቂቃ እንደምቆም ማስታወሻ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። 40 የሥራ ቀን ሞላልኝ። ደመርኩ፣ ለ40 አካፈልኩ። አማካዩ 14 ደቂቃ ሆነ። ባለቤቴ አይታ፣ "14 ደቂቃ ነው እንዴ? ታዲያ ምን ያማርርሃል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። 14 ደቂቃ የቆምኩበት ቀን ግን አንድም ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ሰልፉ ላይ ሆኜ ቁጥሮቹን ጂኦጀብራ የሚባል የሒሳብ አፕ ላይ አስገባሁ። ሂስቶግራም ሠራልኝ፤ የትኛው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደመጣ በዓምድ የሚያሳይ ግራፍ ነው። ከሥሩ የዓምዶቹን ስፋት የምትቀይሩበት ማንሸራተቻ አለ። ሰፋ ሳደርገው አንድ ድፍን ጉብታ ታየኝ። በጣቴ ወደ ግራ ገፋ፣ ትንሽ ገፋ ሳደርገው ጉብታው መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ሁለት ሆነ። አንዱ 5 ደቂቃ አካባቢ፣ ሌላው 25 አካባቢ። 14 ላይ ባዶ! 22 ቀን ቶሎ ሄጃለሁ፤ 18 ቀን ፍዳዬን አይቻለሁ። ደብተሬን ሳገላብጥ ምክንያቱን አገኘሁት። ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ከቢሮ ከወጣሁ ሰልፍ የለም። ካለፈ አለቀልኝ። አማካዩ ሁለት ዓይነት ምሽት ቀላቅሎ፣ አንድም ቀን ያልኖርኩትን ምሽት ነው የነገረኝ። ማንሸራተቻውን ወዲህ ወዲያ ስመልስ ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ኖሯል፤ ከኋላዬ የነበሩ እናት፣ "ልጄ፣ ትሄዳለህ አትሄድም?" አሉኝ።

እ.ኤ.አ. በ1973 ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ ይህንኑ ጉድ በአራት ትንንሽ ሠንጠረዦች አሳይቷል። እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው። የአግድሙ አማካይ በአራቱም 9፣ የቁመቱ በአራቱም 7.5 አካባቢ ነው። ኮሪሌሽኑም፣ ማለትም አግድሙና ቁመቱ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚለካው ቁጥር፣ በአራቱም 0.82 ገደማ። በቁጥር ብቻ ብታዩአቸው መንታ ናቸው ትላላችሁ። ስትስሏቸው ግን አንዱ በቀጥታ መስመር ዙሪያ ይበተናል፣ አንዱ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ አንዲት ያፈነገጠች ነጥብ ታበላሻቸዋለች። ዛሬ ያቺን ነጥብ በጣታችሁ ይዛችሁ መጎተትና በነጥቦቹ መሃል የሚሰመረው መስመር ተከትሏችሁ ሲመጣ ማየት ትችላላችሁ። እኔ በተማርኩበት ዘመን መምህሩ ይህን ለማሳየት ሰሌዳውን ስንቴ መጥረግ ነበረባቸው?

ስለ ሳንቲምም ልንገራችሁ። ጆን ኬሪክ የሚባል የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን ዴንማርክን ስትወር እዚያው ተይዞ ቀረ። ካምፕ ውስጥ ጊዜ ሲተርፈው ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወረወረ። በእኛ ቋንቋ 5,067 ጊዜ ዘውድ፣ የቀረው ጎፈር። እናንተ ስክሪኑን አንዴ ብትነኩ ይህን ሁሉ በሰከንድ ትወረውራላችሁ። የዘውዱን ድርሻ የሚያሳየው መስመር መጀመሪያ ላይ እንደ ሰካራም ይወላገዳል፣ እየቆየ ግማሹ ላይ ይረጋል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። "አምስት ጊዜ ጎፈር ከወጣ አሁን የዘውድ ተራ ነው" የሚል ጓደኛ የሌለው ሰው የለም። ውርርድ ቤት በር ላይ ታገኙታላችሁ። ግራፉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከ10 ውርወራ 7 ዘውድ ከወጣ፣ ከግማሹ በላይ የወጡት ሁለቱ ትርፍ ዘውዶች መመለስ ያለባቸው ዕዳ አይደሉም። በውርወራው ብዛት ይዋጣሉ እንጂ። የኬሪክ ትርፍ 67 ነበር፤ ከ2 እጅግ ይበልጣል። ግን ከ10 ላይ 2 ማለት 20 በመቶ ነው፣ ከ10,000 ላይ 67 አንድ በመቶም አይሞላ። ይህን ከመጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንብቤው አልገባኝም ነበር።

መሣሪያው አልጠፋም። ጂኦጀብራን ማርኩስ ሆኸንዋርተር ኦስትሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ነው፤ አፑን አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ስታቲስቲክስን በሚነካኩ ግራፎች የሚያሳየውን፣ ሲይንግ ቲዎሪ የሚባለውን ውብ ድረ ገጽ ደግሞ ዳንኤል ኩኒን ብራውን ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ እያለ ነው የጀመረው። ሁለቱም በነፃ።

አሁን የማይወደደውን ልንገራችሁ። እነዚህ ግራፎች ያታልላሉ። የእህቴን ልጅ አስቀምጬ ግማሽ ሰዓት አስነካካሁት። "አሪፍ ነው!" አለኝ። ምን አየህ ስለው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ለካ ፊልም ነው ያየው። በማግስቱ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰጠሁትና፣ "ነጥቡን ከመጎተትህ በፊት መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ ጻፍ" አልኩት። ጻፈ፣ ጎተተ፣ ተሳሳተ። ተናደደ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ማቆሚያ አልነበረውም። ለመምህራንም የምለምነው ይህንኑ ነው። ኮምፒውተር ባይኖር፣ መብራት ቢጠፋ፣ ሳንቲምና ባቄላ ይበቃል። ግምት የሌለበት ግራፍ ግን ጌም ነው።

ስለዚህ ወሬ ይብቃኝ። ስትገቡ የታደላችሁትን ወረቀት አውጡ። ስክሪኑ ላይ 10 ነጥብ አለ፤ የአንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት የ10 ሠራተኞች ደመወዝ ነው እንበል። ሁሉም 8,000 ብር ላይ ተደርድረዋል። አሥረኛውን ነጥብ ይዤ ወደ 108,000 ልወስደው ነው። ሁለት ቁጥር ጻፉልኝ፤ አማካዩ የት ይደርሳል? ሚዲያኑስ፣ ማለትም ሲሰለፉ መሃል ላይ የሚውለው? ማስላት አይፈቀድም። እስክሪብቶ የሌላችሁ ከጎናችሁ ተዋሱ። ኋላ ያላችሁ፣ ስክሪኑ ይታያችኋል? የመጨረሻው ሰው ጽፎ እስኪጨርስ ነጥቡን አልነካም።