ዩሪያው ከማሳ ወጥቶ የት ይገባል?

[ምስል፦ የጣና ዳርቻ፣ እምቦጭ የሸፈነው ውሃ]

ስለ ጣና ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያነሳው እምቦጭን ነው። ልክ ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ዳርቻውን ሲወር አይተናል። የጉድጓድ ውሃ ግን እምቦጭ አያበቅልም። ጥርት ብሎ ይቀዳል፣ ጣዕሙም አይቀየርም፤ ስለዚህ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዛሬ የምናወራው ስለሱ ነው።

ማሳ ላይ የሚገባው ማዳበሪያ ሁለት ዋና ነገር ይዟል፦ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ። ሲያመልጡ ግን መንገዳቸው ለየቅል ነው። ፎስፈረስ አፈር ላይ ሙጭጭ ይላል፣ የሚሄደው አፈሩ ሲሄድ ነው። ሐምሌ ላይ ጉማራና ርብ ደፍርሰው ሲወርዱ ያ ቡናማ ውሃ የተሸከመው የሰው ማሳ ነው፣ ከነማዳበሪያው። ጣና ይገባል፣ እምቦጩም ይቀለብበታል። ይህን ደጋግማችሁ ስለሰማችሁት አልቆይበትም።

ተንኮለኛው ናይትሮጅኑ ነው። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እርጥብ አፈር ላይ ይሟሟና በጥቂት ቀናት ውስጥ አሞኒየም ይሆናል። እስከዚህ ችግር የለም፤ አሞኒየምን አፈሩ ይይዘዋል። ከዚያ የአፈር ባክቴሪያዎች ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬት አሉታዊ ቻርጅ አለው፣ የሸክላ አፈር ቅንጣትም እንደዚያው፤ ስለዚህ አይያያዙም። ናይትሬት ውሃ በሄደበት ይሄዳል፣ ሥሩ ቶሎ ካልጠጣው ቁልቁል ነው።

ባህር ዳር ዙሪያ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ። ጤፉ ገና ከመሬት ብቅ ሳይል ዩሪያውን በአንዴ ብትበትኑት ዝናቡ ከሥሩ በታች ይዞት ይወርዳል። የወረደው ገንዘባችሁ ነው።

[ምስል፦ ፎገራ፣ ግንቦት። የተሰነጠቀ ዋልካ አፈር፣ እጅ ወደ ስንጥቁ ሲገባ]

ይህ የፎገራ ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ አላሳልፍ ብሎ የሚያስቸግረው አፈር፣ በበጋ እንዲህ ይሰነጠቃል። እዩት፣ ክንዴ እስከ ክርኔ ገባ። አሁን የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ቢመጣ አፈሩን ቀስ ብሎ እያራሰ አይወርድም፤ በስንጥቁ በኩል አቋርጦ፣ የተበተነውን ፍግም የተረጨውን መድኃኒትም አፈሩ ሳያጣራው ይዞት ይዘልቃል። በኋላ አፈሩ ርሶ ሲያብጥ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ያመለጠው ግን አመለጠ። ባህር ዳር አጠገብ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ከሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ቀዳዳና ስንጥቅ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ አፈሩ ስስ በሆነበት ቦታ ውሃው ጥልቅ ብሎ ይገባል።

[ምስል፦ የሩዝ ማሳ፤ ቀጥሎ በመስኖ የሚጠጣ ሽንኩርት]

ታዲያ ጥፋቱ የሩዙ ነው? ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። እኔ ግን ቀድሜ ጣቴን የምቀስረው ሽንኩርቱ ላይ ነው። ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ አፈሩ ውስጥ አየር የለም። አየር ሲጠፋ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ቀይረው ወደ ሰማይ ይለቁታል፣ ለጉድጓዱ የሚተርፈው ያንሳል። የሽንኩርት ሥር ደግሞ አጭር ነው፤ አብዛኛው ላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቀራል። በጋ ላይ ሞተር ተነስቶ ቦዩ እስኪሞላ ሲለቀቅበት የተረፈው ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ታች፣ ሞተሩ ራሱ ወደሚስብበት ውሃ።

ይህን ስል ግን ሁሉንም ማዳበሪያ ላይ አልላክክም። ከጉድጓዱ በላይ በኩል ያለ በረትና ሽንት ቤትም ያንኑ ናይትሬት ይለቃል። ሳልናገር የማላልፈው ሌላም አለ፤ የመድኃኒት መርጫን ጉድጓድ አፍ ላይ ማጠብ። ኧረ በማርያም፣ ቢያንስ ራቅ በሉ!

ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ከሱ ሲያልፍ በተለይ የሚጎዳው ጡጦ የሚጠባ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። "አፍልቼ ነው የምሰጠው" የምትሉ እናቶች፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬት አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበረታል። ውሃ አጋርም ቢጨመር ያው ነው። ለሕፃኑ ሌላ ውሃ ፈልጉ።

[ምስል፦ ዩሪያ በመስመር ሲጨመርና አፈር ሲለብስ]

ምን ይደረግ? ዩሪያውን ከፋፍሉት፤ ጥቂቱ ሲዘራ፣ የቀረው ሰብሉ ሲያድግ። ዝናብ ሊወርድ ሲያጉረመርም አትበትኑ። ፍግ ሁሉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ከሚገባ የተወሰነው ማሳ ይግባ፤ ብስባሽ ያለው አፈር ውሃም ናይትሮጅንም ይይዛል። ለማገዶ ሌላ ነገር ከየት ይምጣ ካላችሁ ግን እውነታችሁን ነው፣ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ጉድጓዳችሁን ክረምቱ ሲወጣ አስለኩት። ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ የሚቀየር የናይትሬት መለኪያ ወረቀት አለ። ከፍ ብሎ ከተገኘ ውሃው ለሽንኩርቱ ይሁን፣ ግን ሂሳብ ያዙ። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ያለበት አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ 11 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይዟል። ሩብ ሄክታር ሽንኩርት በአንድ ወቅት የሚጠጣው ውሃ ከዚህ መጠን ብዙም አይርቅም። ይህ ማለት 24 ኪሎ ዩሪያ፣ ከ50 ኪሎው ከረጢት ግማሽ ያህሉ፣ በቦዩ እየገባላችሁ ነው። ያን ያህል ከምትገዙት ላይ ቀንሱ።