ዛሬ ዝም ብለን ሹፍል እናድርግ

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም። ርዕስም የለንም ማለት ይቻላል። ከፊቴ ላፕቶፕ፣ ሃርድ ዲስክና ሻይ አለ። በቃ።

ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ባለፉት ዓመታት ያጠራቀምኳቸው ዘፈኖች አሉ። ከካሴት የተገለበጡ አሉ። ከጓደኛ ፍላሽ የተቀዱ አሉ። ከፍዬ የገዛኋቸው አሉ። በብሉቱዝ የመጡ፣ ከየት እንደመጡ እንኳን የማይታወቁም አሉ። ሹፍሉን እጫናለሁ፣ የመጣውን አዳምጣለሁ፣ ከዚያ እናወራለን። ዘፈን መዝለል ግን የለም። የሚያሳፍር ነገር ቢመጣም እናወራበታለን።

ዘፈኖቹን እዚህ አላጫውትም። የቅጂ መብት ነገር ነው፣ ዝግጅቱን ያወርዱብኛል። እኔ ስሙን እጠራለሁ፣ እናንተ እኔን ቆም አድርጉና ሰምታችሁ ተመለሱ። ዓመተ ምህረቶቹን ደግሞ በፈረንጆቹ ነው የምናገረው። እንደገና የታተሙት ሸክላዎች ላይ የሚገኘው እሱ ስለሆነ ነው።

እሺ፣ ተጫንኩ።

ውይ። በትልቁ ጀመረን። መሐሙድ አህመድ፣ «ኧረ መላ መላ»።

ይሄ የ1975 ሥራ ነው። በካይፋ ሬከርድስ ስም የወጣ ሸክላ። መሐሙድን የሚያጅበው አይቤክስ ባንድ ነው። አይቤክስን ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

የመሐሙድን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሊስትሮ ሆኖ የሠራ ልጅ ነው። ከዚያ አሪዞና ክለብ ገብቶ የተገኘውን ሥራ ሁሉ ይሠራ ነበር። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚመጡበት ቤት ነው። አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሳይመጡ ቀሩ። እስቲ እኔ ልሞክር አለ። የቀረውን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ዘፈን ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ድምፁ ነው። ተገቢ ነው። እንደዚያ የሚርገበገብ ድምፅ ከየት ይመጣል? ዛሬ ግን በጥሩ ማዳመጫ ስሰማው የያዘኝ ቤዙ ነው። ቤዝ ጊታሩን የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ነው። አንድ ሐሳብ ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል። አይቸኩልም። መሐሙድ ወደ ላይ ሲወጣ እሱ ቦታው ላይ ነው። ሳክስፎኑ ሲገባም ቦታው ላይ ነው። መሐሙድ እንደልቡ የሚሆነው ከሥር የማይነቃነቅ ሰው ስላለ ይመስለኛል። ሄዳችሁ ስሙት፣ ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ መሐሙድን ተዉትና ቤዙን ተከተሉ። ሌላ ዘፈን ነው የምትሰሙት።

በነገራችን ላይ ይህን ሥራ በ1986 አንድ የቤልጂየም አሳታሚ አወጣው፣ ክራምድ ዲስክስ ይባላል። የኛን ዘመናዊ ሙዚቃ ብዙ አውሮፓውያን መጀመሪያ ያወቁት በዚያ ነው። አገር ቤት ግን አሥር ዓመት ሙሉ ሲደመጥ ኖሯል።

ቀጣይ።

አስቴር አወቀ። «ካቡ» ከሚለው አልበም። 1991፣ ኮሎምቢያ ሬከርድስ ያሳተመው። አስቴር ከአገር የወጣችው በ1981 ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ እንደ ኮሎምቢያ ያለ ግዙፍ ኩባንያ ጋ መድረስ ቀልድ አይደለም።

ግን ልናገር? የአስቴር አድናቂዎች አትቀየሙኝ። እኔ የምወዳት አሜሪካ ከመሄዷ በፊት በሠራቻቸው የአዲስ አበባ ካሴቶች ላይ ነው። አሜሪካ የተቀዱት ንፁህ ናቸው፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። በድሮዎቹ ካሴቶች ላይ ግን ድምጿ ከባንዱ ጋር ይታገላል። ማይኩ አይችላትም፣ ስትጮህ ይሰነጠቃል። እኔ ያ ይበልጥብኛል።

ደግሞ አስቴር ከመውጣቷ በፊት ከዘፈነችባቸው ባንዶች አንዱ ማን ነው? አይቤክስ። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆነ። ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ስዩም በጊታር፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ። በሰማንያዎቹ ካሴት አስገብታችሁ ከተጫናችሁ፣ ዘፋኙ ማንም ይሁን ማን፣ እነዚህን ሰዎች የመስማት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ጥላሁን፣ መሐሙድ፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበ... ሁሉም ሮሃ ጋ ሠርተዋል።

እኔ እኮ ስብስቤ የተደበላለቀ ይመስለኝ ነበር። አምስት ዘፋኝ ሲመጣ አምስት ሙዚቃ ያለኝ ይመስለኛል። ጆሮዬን ወደ ኋላ ሳደርገው ግን ያው ሰዎች ናቸው፣ ያው ጊታር ነው።

ቀጣይ።

ዓለማየሁ እሸቴ፣ «ትማርኪያለሽ»!

ይሄ ሹፍል ዛሬ ምን ነክቶታል፣ ሰው መርጦ ያስቀመጠው ነው የሚመስለው። ይሄ ዘፈን ዝም ብሎ ዘፈን አይደለም። አምሃ ሬከርድስ ያወጣው የመጀመሪያው ሸክላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለአገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ለሌላ ሰው አይፈቀድም። በስድሳዎቹ መጨረሻ አገር ፍቅር ሸክላ ማሳተሙን ትቶታል ማለት ይቻላል። የምሽት ክለቦቹ ግን ጢም ብለው ሞልተዋል፣ ወጣቱ በአዲስ ሙዚቃ አብዷል። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ መደብር ነበረው። የፈረንጅ ሸክላ እየሸጥኩ የራሳችንን ለምን አላሳትምም አለ። በ1969 ዓለማየሁን አስቀዳና ሸክላውን ሕንድ ልኮ አሳተመ። አዋጁ እያለ ማለት ነው። ያሰረውም የከሰሰውም አልነበረም። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አሥር የሚያልፉ አልበሞች አወጣ። ዛሬ ዓለም ወርቃማው ዘመን እያለ የሚያወራለት ሙዚቃ ትልቁ ክፍል ይሄ ነው። አምሃም ዓለማየሁም በአንድ ዓመት ነው ያረፉት፣ በ2021።

ከእነዚያ ሸክላዎች ጀርባ ደግሞ ሌላ ሰው አለ። ግርማ በየነ። ፒያኖ ይጫወታል፣ ያቀናብራል፣ ራሱም ይዘፍናል። በራሱ ድምፅ ያኔ ያስቀረፀው በጣም ጥቂት ነው። ያቀናበረላቸው ዘፈኖች ግን በርካታ ናቸው፣ የዓለማየሁ ሥራዎችም አሉበት። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደና እዚያው ቀረ። ሙዚቃውን ትቶ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ። የስንቱን ዘፋኝ ዘፈን ያሳመረ ሰው! በኋላ አገሩ ተመለሰ፣ በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባሉ ፈረንሳውያን ጋር አልበም አወጣ። ደስ ይላል። ግን የመሀሉ ዓመታት ያንገበግቡኛል።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። የካሴት ሽፋን ትዝ ይላችኋል? ውስጡን ስትዘረጉት በደቃቅ ፊደል «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ይል ነበር። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሰው ስም አለ። የሬዲዮ አዘጋጆችም ያነቡት ነበር፣ ድምፃዊ እገሌ፣ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሊት። ዓለምፀሐይ ወዳጆ የሚለውን ስም በልጅነቴ የያዝኩት እንደዚያ ነው። ገጣሚ መሆኗን ሳላውቅ ስሟን አውቀው ነበር።

አሁን ሃርድ ዲስኬ ላይ ያለው የዘፋኙ ስምና «ትራክ ዜሮ ሦስት» ነው። እሱም ከተገኘ። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ ድምፁን አሻገርን፣ ወረቀቱን ጣልን። የሙዚቃ መተግበሪያዎቹም ያው ናቸው። የዘፋኙ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ይመጣል፣ ቤዝ የተጫወተው ማን ነው ብትሉ መልስ የለም።

እሺ፣ ተናደድኩ። ሻይ ልጠጣ። ቀጣይ።

የሠርግ ዘፈን። በኪቦርድ ብቻ የተሠራ፣ ጭብጨባው ሳይቀር ከኪቦርዱ የወጣ። ከአንድ ዘመድ ሠርግ በኋላ በፍላሽ የተሰጠኝ ነው። መዝለል የለም ስላልኩ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ጨርሻለሁ። ቀጣይ።

ኃይሉ መርጊያ! በዚህኛው ብንቆይ አትቅየሙኝ።

«ሸሞንሟናዬ» ነው የመጣው። የ1985 ካሴት። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር፣ አዲስ አበባ ሒልተን የሚጫወቱት ዋልያሶች። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሆቴል የገባ ታዳሚ ማታ መውጣት አይችልም። ስለዚህ እስከ ንጋት ይጫወቱ ነበር። የዚያን ዘመን ባንዶች እንደዚያ የተናበቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ለዝግጅት ሄዱ። ግማሾቹ ተመለሱ፣ ግማሾቹ ዋሽንግተን ቀሩ። ኃይሉም ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን ስቱዲዮ ገባና ብቻውን ካሴት ሠራ። አኮርድዮን አነሳ። አኮርድዮን እኮ በዚያ ጊዜ አገር ቤትም ተረስቶ ነበር። ከሥሩ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን አስገባ። አያቶቻችን የሚያውቁት ድምፅና ገና ከካርቶን የወጣ ማሽን አንድ ላይ!

ይሄ እንዴት ይስማማል? ስሙት፣ ይስማማል። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይመታል፣ አኮርድዮኑ ደግሞ ትንሽ ዘግየት ይላል፣ ትንፋሽ ይወስዳል። የሚገርመኝ ብቸኝነቱ ነው። ቅድም ስለ ባንድ ስናወራ ነበር። እዚህ ላይ ባንዱ የለም። የስድስት ሰው ሥራ አንድ ሰው ይዞታል። ቤዙም እሱ፣ ኪቦርዱም እሱ። ከሌሎች ጋር የለመደ ሰው ብቻውን ሲጫወት ለሌላው ቦታ ይተዋል፣ አስተውላችኋል? ኃይሉ እዚህ ካሴት ላይ ያለሌሎቹ ነው የሚጫወተው፣ ቦታቸውን ግን አልሞላውም።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ነው። ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ያስቀምጥና ዋሽንግተን አካባቢ ያለው ደለስ ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። የዋሽንግተን ልጆች፣ ስንቶቻችሁ በእሱ ታክሲ ተሳፍራችሁ ይሆን! በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ይህችን ካሴት አገኛት። ወሰዳት፣ ኃይሉን ፈለገው፣ በ2013 እንደገና ታተመች። ከዚያ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም ሠራ።

ካሴቷ የተገኘችው ባሕር ዳር መሆኑ ደስ ይለኛል። ዋሽንግተን ተሠርታ፣ አገር ቤት ገብታ፣ ባሕር ዳር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብላለች። እኛ አልፈናት ስንሄድ ማለት ነው።

ቀጣይ።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ፣ ፒያኖ። በዚህ አልቆይም። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ነው ያረፉት። የሳቸውን ሙዚቃ አሁን የማይከፍት ካፌ የለም፣ ማኪያቶ ማጣጫ አድርገነዋል። እኔ ሰው እያወራ አልሰማቸውም። ለብቻዬ ስሆን እሰማቸዋለሁ። ቀጣይ።

ይሄ... ቆይ።

«ትራክ ዜሮ ሰባት፣ ያልታወቀ ድምፃዊ።»

ከካሴት የተገለበጠ ነው፣ የካሴት ክሩ ሹክሹክታ ይሰማል። ወንድ ነው የሚዘፍነው። ወጣት ድምፅ፣ ትንሽ ጥላሁንን መምሰል ይፈልጋል። ያኔ ማን አይፈልግም ነበር? ዜማው በባቲ ቅኝት ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ተቆርጧል፣ ሲቀዱ ዘግይተው ተጭነዋል።

እንደገና ላስነሳው።

ቤዙን ስሙልኝ። እናንተ አትሰሙም፣ ይቅርታ። ቤዙ ይዞራል፣ አይቸኩልም። ጊታሩ ደግሞ ከዘፋኙ በኋላ ነጠላ ድምፅ እየጣለ ይመልስለታል። እኔ ይሄን ጊታር አውቀዋለሁ። የሰማንያዎቹ መሀል ነው፣ ሮሃ ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ። ዘፋኙ ማን ይሁን አላውቅም፣ አጃቢዎቹን ግን ሰላም ልላቸው ምንም አልቀረኝ።

ምናልባት አንድ ካሴት ብቻ አውጥቶ የቀረ ልጅ ይሆናል። እንደዚያ ዓይነት ብዙ ነበሩ። ገንዘብ አጠራቅሞ፣ አሳታሚ ለምኖ፣ ከሮሃ ጋር አንድ ካሴት። ሮሃዎቹ ለጥላሁን እንደሚጫወቱት ነው የተጫወቱለት። አሳንሰው አልተጫወቱም፣ ይሰማል። መሀል ላይ ኪቦርዱ ብቻውን የሚሄድበት ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ሦስት ጊዜ መለስኩት።

ዛሬ እዚህ ላይ ላቁም፣ ከዚህ ሌላ ዘፈን መስማት አልፈልግም። ሃያ ሰከንዷን ቆርጬ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ አስቀምጣለሁ፣ ለሃያ ሰከንድ የሚያወርደኝ አይኖርም። ልጁን የምታውቁት ካላችሁ ጻፉልኝ። አጎት፣ አባት፣ ጎረቤት ይሁን፣ አሰሟቸው። ካሴቱ ያለው ሰው ከተገኘ ደግሞ የፊት ፎቶውን ተዉት። ሽፋኑን ዘርግታችሁ የውስጡን አንሱልኝ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር የሚለውን። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ጠጋ አድርጋችሁ አንሱት። ቻው።