የካዞርላ ቁርጭምጭሚት እና ያልመለስኩት መልእክት

እሺ። ወንበሯ ዛሬም እየጮኸች ነው፣ ታገሷት፣ ለምዳችኋታል። ባለፈው የቤት ኪራዩን ጉዳይ እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ አልችልም። ሌላ ነገር ይዞኛል።

አንዲት መልእክት አለች፣ ስልኬ ላይ። አንዲት ቃል ናት። «አየኸው?» ትላለች። ታናሽ ወንድሜ ነው የላካት፣ ሰኔ 14 ቀን 2017፣ ቅዳሜ ሌሊት። እሱ ደግሞ መልእክት የሚጽፍ ሰው አይደለም። ታውቁታላችሁ፣ ይደውላል፣ «የት ነህ?» ብሎ ይዘጋል። ያን ሌሊት ግን ጻፈ።

አይቼው ነበር። እያየሁ ነበር። ግን አልመለስኩለትም። እስከ ዛሬ።

ያየነው ሳንቲ ካዞርላን ነው፣ የድሮውን የአርሰናል አማካይ፣ አሁን በኦቪዬዶ ማልያ። ሪያል ኦቪዬዶ ከሚራንዴስ፣ ወደ ላሊጋ ለማለፍ የመጨረሻው ጨዋታ፣ በፈረንጆቹ 2025። የመጀመሪያውን ዙር ኦቪዬዶ ከሜዳው ውጪ 1 ለ 0 ተሸንፎ መጥቷል። በመልሱ በራሱ ሜዳ፣ ካርሎስ ታርቲዬሬ ላይ፣ ቀድሞ ሌላ ጎል ገባበት። በድምር 2 ለ 0። ይሄ ክለብ ከላሊጋ ከወረደ 24 ዓመቱ ነው። ስታዲየሙ ጭጭ አለ። ከዚያ፣ ከእረፍት በፊት፣ ሪጎሬ ተሰጠ። ኳሱን ማን ያዘ? የ40 ዓመቱ ሰውዬ።

ሰው ሁሉ በረኛውን ያያል አይደል እንዲህ ሲሆን? ወይ ኳሱን። እኔ ግን ቁርጭምጭሚቱን ነበር የማየው። በስልክ ስክሪን ምንም አይታይም፣ ካልሲውም ሸፍኖታል። ግን ከካልሲው ስር ያለውን አውቀዋለሁ። የአርሰናል ደጋፊ የሆናችሁ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ገባ። ጎል። ኦቪዬዶ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 1 አሸንፎ አለፈ። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ስልኬ ነዘረ። «አየኸው?»

ቆይ፣ ስለ ቁርጭምጭሚቱ ልበል። በፈረንጆቹ 2013 ስፔን ከቺሊ ጋር ጄኔቭ ላይ የወዳጅነት ጨዋታ ስትጫወት ተመታ፣ ትንሽ አጥንት ተሰነጠቀች። ነገሩ ከዚያ ጀመረ። ሰውዬው በዚያ ህመም ዓመታት ተጫውቷል። ሰውነቱ ሲሞቅ ይሻለዋል፣ እረፍት ላይ ሲቀዘቅዝ ህመሙ ያስለቅሰው ነበር። እኛ እዚህ እያጨበጨብን እሱ መልበሻ ክፍል ውስጥ ያለቅስ ነበር ማለት ነው። ይሄን ሳውቅ የድሮ ጎሎቹን እንደበፊቱ ማየት አቃተኝ።

ለአርሰናል የመጨረሻውን ጨዋታ ያደረገው ኦክቶበር 2016 ነው፣ ሉዶጎሬትስን 6 ለ 0 ሲያሸንፉ። ከዚያ ቀዶ ጥገና። ቁስሉ አልድን አለ። እንደገና ቀዶ ጥገና። እንደገና። ባክቴሪያ ገብቶ ነበር፣ ጋንግሪን ሆነ። ከተረከዙ ጅማት 8 ሴንቲሜትር በላበት። ስምንት ሴንቲሜትር! እስኪ በጣታችሁ ለኩት። እኔ ለክቼዋለሁ። የእጄ መዳፍ ስፋት ነው።

እና ሐኪም ምን አለው? እንግሊዝ አገር ያለ ሐኪም ነው። ከልጅህ ጋር ግቢ ውስጥ መራመድ ከቻልክ እሱን እንደ ትልቅ ነገር ቁጠረው አለው።

እዚች ጋ ነው የምቆመው። ሁልጊዜ እዚች ጋ እቆማለሁ።

ምክንያቱም ይሄን ቃል እኔም ብዬዋለሁ። በ2009፣ በእኛ። ወንድሜ ጉልበቱን የተጎዳ ቀን። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ እዚያች አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ሐኪሙ ጅማቱ እንደተበጠሰ ነግሮናል። ቀዶ ጥገናውንና ዋጋውንም ነግሮናል። ወንድሜ ማልያውን አላወለቀም። አንዱ እግሩ ላይ ካልሲ አለ፣ ሌላው ባዶ ነው። ታኬታውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሶሉ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ይፍቃል። ቀስ ብሎ። አንዷን ጥርስ ይጨርስና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለእሁድ ጨዋታ የሚያዘጋጃት ነው የሚመስለው።

እኔ ምን አልኩ? «ተመስገን በል። በእግርህ መሄድህም አንድ ነገር ነው። ኳሱ ይቅርብህ።»

ጣቱ ቆመ። እሱ ብቻ ነው የሆነው። አልተናገረም፣ አልተቆጣም፣ ቀና ብሎም አላየኝም። ጥፍሩ ጭቃው ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ታኬታዎቹን በክራቸው አስሮ መሬት ላይ አስቀመጣቸው። ግማሹ ጭቃ እንዳለ ነው።

በቃ። ከዚያ በኋላ አልተጫወተም።

አሁን ሞባይል ይጠግናል፣ ታውቃላችሁ፣ ደህና ነው፣ ሱቁም ጥሩ ነው። ስለዚህ ምን ትፈልጋለህ ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንጃ።

እ… ካዞርላን የወደድነው አብረን ነው። ግንቦት 2006፣ ዌምብሌይ፣ የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ፣ አርሰናል ከሃል ሲቲ። እኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነን። ከምሽቱ 1 ሰዓት። አርሰናል ዋንጫ ካነሳ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የማንቼ ልጆች ከኋላ ተደርድረው ሊስቁብን ተዘጋጅተዋል። በ8 ደቂቃ 2 ለ 0 ተመራን። በስምንት ደቂቃ! እኔ ልወጣ ተነሳሁ። ወንድሜ ጃኬቴን ጎትቶ አስቀመጠኝ። «ቁጭ በል፣ ገና ነው» አለኝ። 17ኛው ደቂቃ ላይ ካዞርላ ቅጣት ምቱን ከሩቅ መታት። ያቺን ኳስ ታስታውሷታላችሁ? ቤቱ ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ኮሽዬልኒ፣ ከዚያ በተጨማሪ ሰዓት ራምሴ። 3 ለ 2።

«ገና ነው» ያለኝ እሱ ነበር። አያችሁ? በ2006 እሱ እኔን «ገና ነው» አለኝ። በ2009 እኔ እሱን «በቃ» አልኩት።

ይሄን አሁን እያወራሁ ነው ያስተዋልኩት። እሺ። ትንሽ ውሃ ልጠጣ።

…

የግራና የቀኝ እግሩ ክርክር ትዝ አለኝ። ሰፈር ውስጥ ሙሉ ከሰዓት ያከራክረን ነበር፣ ካዞርላ ግራኝ ነው ወይስ ቀኝ? ማዕዘን ምቱን በሁለቱም ይመታል፣ ሪጎሬውንም በሁለቱም ይመታል። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ በግራ ብቻ መምታት ጀመረ። ጎረቤት እስኪያማርር ድረስ። ከስድስት ወር በኋላ በግራው አሻገረ፣ ጎል ሆነ። እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። አማካይ ነበር እሱም። ያን ያህል ፈጣን አይደለም። ኳሱ ሳይመጣ ግን ሰው የት እንዳለ ያውቃል።

ወደ ቁስሉ ልመለስ። ካዞርላ ወደ ስፔን ሄደ፣ ቪቶሪያ የሚባል ከተማ። እዚያ ያለው ሐኪም ጅማቱን እንደገና ሠራለት። ቁስሉን የሚሸፍን ቆዳ ደግሞ ከግራ ክንዱ ላይ ወሰዱ። ክንዱ ላይ የሴት ልጁ ስም ተነቅሶ ነበር። ቆዳው ሲነሳ ስሙ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ክንዱ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። የስፔን ጋዜጣ ፎቶውን ከፊት ገጹ ላይ አወጣው። ወንድሜ ሱቁ ውስጥ ስልኩ ላይ አሳየኝ። ሁለት ጣቱን ከፍቶ ፎቶውን አጎላው፣ እስከ ፊደሎቹ። ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩም። ደንበኛ መጣ፣ ስልኩን ከደነው።

ከዚያ 636 ቀን። ከሉዶጎሬትስ ጨዋታ ጀምሮ፣ እንደገና ሜዳ እስኪገባ ድረስ። በፈረንጆቹ 2018 ቪያሪያል ወሰደው፣ ለደጋፊው ሲያስተዋውቁትም አስማተኛ ከጭስ ውስጥ አወጣው። በጃንዋሪ 2019 ሪያል ማድሪድ ላይ ሁለት ጎል አገባ፣ 2 ለ 2 ወጡ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ቡድኑ ጠራው። የ2008 እና የ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ያለው ሰው ነው እኮ። በ2008 ጣሊያንን በመለያ ምት ሲጥሏት ሁለተኛዋን የመታው እሱ ነው፣ በ23 ዓመቱ። የ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ግን በጉዳት አመለጠው። ጓደኞቹ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሲያነሱት በቴሌቪዥን አየ። ስለዚህ ማጣትን ከዚያም በፊት ያውቀዋል።

ኦቪዬዶ ደግሞ ልጅነቱ ነው። የአስቱሪያስ ልጅ ነው። በ2003 ክለቡ ደሞዝ መክፈል አቅቶት ወደ ታች ዲቪዚዮን ሲወረወር በ18 ዓመቱ መልቀቅ ነበረበት። ለዋናው ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት። በ2012 ክለቡ ሊፈርስ ሲል፣ አርሰናል እያለ፣ አክሲዮን ገዝቶ ካዳኑት አንዱ ሆነ። በ2023 ከኳታር ተመለሰ። በነፃ ልጫወት አለ፣ ሕጉ አይፈቅድም ተባለ። ታዲያ በዝቅተኛው ደሞዝ ፈረመ። ከማልያው ሽያጭ 10 በመቶው ለታዳጊዎቹ እንዲሆን አደረገ።

ለ20 ዓመት የዘገየ ነገር። 20 ዓመት! ያቺ ሪጎሬ ስትገባ የመጣብኝ ይሄ ሁሉ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልበል፣ ለራሴም። ማወዳደሩ ልክ ላይሆን ይችላል። ካዞርላ አልጋ ላይ ሆኖ አርሰናል ይከፍለው ነበር። ቪቶሪያ ያለው ሐኪም ለእኛ ሰፈር ልጅ አይደርስም። እኛ የዚያን ቀን ኪስ ውስጥ የነበረው ለራጅና ለታክሲ የሚሆን ነው። እማዬ ትታመም ነበር ያኔ። ማን ይክፈል? እኔ ልጁን ከባሰ ነገር ያዳንኩት መስሎኝ ነበር። ያ እንግሊዛዊ ሐኪምም ክፉ ሰው አይደለም፣ ያየውን ነው የተናገረው። ጅማቱ የለም፣ ቁስሉ ክፍት ነው፣ ምን ይበል?

ግን እኔ ሐኪም አልነበርኩም። ወንድሙ ነበርኩ። «እንሞክር» ብሎ መዋሸት እንኳን ይቻል ነበር። ማለቴ… መዋሸት አይደለም። እንጃ።

ደግሞ ተመስገን የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። እማዬ ቀኑን ሙሉ ነው የምትላት። ክፉ ቃል አይደለችም። ግን የዚያን ቀን ቶሎ አልኳት። ልጁ ገና አላለቀሰም ነበር። ያቺን ጫማ ጠርጎ እንኳን አልጨረሰም። አንድ ሰዓት ብጠብቅስ? አንድ ሳምንት?

ታኬታዎቹ የት እንደደረሱ አላውቅም። ሰው ሰጣቸው ይሆናል። ጠይቄው አላውቅም።

ያን ሌሊት መልስ ጽፌ ነበር። «አየሁት» ብዬ። ቀጥሎ «ይቅርታ» ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ «ይቅርታ»ን አጠፋሁ፣ ያለ ምክንያት ይመጣበታል ብዬ። ከዚያ «አየሁት» ብቻውን ቀዘቀዘብኝ። ሁለቱንም አጠፋሁ። በማግስቱ ቤት መጣ፣ ቡና ጠጣን፣ ስለ ስክሪን ዋጋ መወደድ አወራን። ስለ ጨዋታው አላነሳም። ሲወጣ በሩ ጋ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ጉልበቱን በእጁ ደገፍ አደረገው፣ እንደ ልማዱ። እና እኔ…

እሁድ ይመጣል ደግሞ። ይሄን የሚሰማው አይመስለኝም፣ ሰምቶኝም አያውቅ። ምናልባት እኔ አነሳዋለሁ። «ያቺን ሪጎሬ አይተሃት ነበር?» ብዬ ልጀምር? አይ፣ ጠያቂው እሱ ነበር እኮ…

እማዬ እየተጣራች ነው። መጣሁ! ቡናው ሊቀዳ ነው መሰለኝ፣ ቆይ…