ቦሮቡዱርን ከታች ጀምሩት

እንደምን አመሻችሁ! ስለ ጉዞ ተናገር ስትሉኝ አንድ ቦታ ብቻ ይዤ መጣሁ፤ ቦሮቡዱርን።

ቦሮቡዱር በኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት መሃል፣ ከዮግያካርታ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። የሻይለንድራ ነገሥታት በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ነው። ቤተ መቅደስ ስላችሁ ግን በር ከፍቶ የሚገባበት አዳራሽ እንዳይመስላችሁ። ውስጥ የሚባል ነገር የለውም። ኮረብታ ላይ የተደራረበ ድንጋይ ነው፤ ዘጠኝ እርከን፣ ስድስቱ ባለ አራት ማዕዘን፣ ሦስቱ ክብ። ምእመኑ እየዞረ ነው የሚወጣው።

አብዛኛው ጎብኚ ደረጃውን እያለከለከ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል። በቃ! እንደኔ ከሆነ ይሄ ቦሮቡዱርን አየሁ አያስብልም። በምሥራቅ በኩል ግቡና ሕንፃውን በቀኛችሁ አድርጋችሁ ዙሩ። 2,672 የድንጋይ ቅርጾች አሉት። የቡድሃ ልደት አለ፣ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ መውጣቱ አለ። መሃል መሃሉን ደግሞ የዘመኑ ሰው ኑሮ ብቅ ይላል፤ ሙዚቀኛው፣ ገበሬው፣ ባለ ሸራ መርከቡ። ከእነዚህ መርከቦች የአንዱን አምሳያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2003 ከጃካርታ ተነሡና ጋና ድረስ ተጓዙበት። ደፋሮች ናቸው!

እኔ በጣም የምወደው ግን የማይታየውን ክፍል ነው። ከሁሉም በታች 160 ቅርጾች በድንጋይ ተሸፍነዋል። ምናልባት ሕንፃው እንዳይንሸራተት መደገፊያ ተጨምሮበት ይሆናል። ሐሜት፣ ግድያ፣ የእያንዳንዱም ሥራ ዋጋ ተቀርጾባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1885 ነው የተገኙት። ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ጥቂቶቹ ተከፍተው ይታያሉ። አስጎብኚው ቢያልፋቸው እናንተ ጠይቁት።

በታችኞቹ እርከኖች ግራና ቀኙ ግድግዳ ስለሆነ ውጭውን አታዩም። ክቦቹ ላይ ስትደርሱ ግን ቅርጹም ግድግዳውም ያልቃል። 72 የተበሳሱ፣ ደወል የመሰሉ ስቱፓዎች (የቡድሂስት ቅዱስ ሕንፃዎች) ትልቁን ስቱፓ ከበው ቆመዋል። ሰማዩ ከጠራ የሜራፒ እሳተ ገሞራ ይታያል። ታች ሳትዞሩ ብትመጡ ይሄ ሁሉ መልካም እይታ ብቻ ነበር የሚሆነው።

አሁን ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ቁጥር ተገድቧል፤ ኡፓናት የሚባል የተሸመነ ነጠላ ጫማም ያስደርጓችኋል። የሚያጉረመርም አይጠፋም። እኔ ግን እደግፈዋለሁ። ከ504ቱ የቡድሃ ሐውልቶች ብዙዎቹ ራስ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1896 የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥ ስምንት ጋሪ ሙሉ ቅርጻ ቅርጽ በስጦታ ወስደዋል። ደረጃውንም የጎብኚ ጫማ በልቶታል። ከዚህ በኋላ ነጠላ ጫማ ምን ይከብዳል?

ጊዜ ካላችሁ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለውን ሌላ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ፣ ሜንዱትን አስቀድሙ። የቡድሃ ልደት በሚታሰብበት በዌሳክ በዓል መነኮሳቱ ከዚያ ተነሥተው በእግር ነው ወደ ቦሮቡዱር የሚሄዱት። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ፀሐዩ ግን አይቻልም፤ በጠዋት ውጡ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።